ኋላ ማርሽ በቁጥር አሥራ አራት

ተሳቢ ቤት ይዘው የሚዞሩ ሰዎች በሚያድሩበት ሰፈር ሁሉ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። አዲስ ተሳቢ በበሩ ሲገባ ሰዉ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ይወጣል። ማንም «ኑ እንይ» አይልም። አንዱ ውሻውን ሊያናፍስ፣ ሌላዋ ምንጣፏን ልታራግፍ የወጣች ትመስላለች፤ እውነቱ ግን ሁሉም የወጣው ባልና ሚስት በኋላ ማርሽ ሲገቡ ለማየት ነው። ሲኒማ ቤቱ ስልሳ ማይል ይርቃል፤ ይሄኛው ደጃፍ ድረስ ይመጣል፣ ያውም በነጻ።

እኔም ወንበሬን ዘርግቼ ብዙ አይቻለሁ። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ በባሏ መስታወት ላይ ወርውራ፣ በባዶ እግሯ ወደ ዋናው መንገድ ስትሄድ አይቻለሁ። አርባ ዓመት በሰላም የኖረ ትዳር በአርባ ደቂቃ ሲናድ አይቻለሁ።

እኛ ግን ተመልካች የምናሰለች ሰዎች ነበርን። ባሌ ድዌይን ሚኒሶታ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ በበረዶ ላይ፣ ስልሳ ልጅ ከኋላው እየጮኸበት። ጡረታ ስንወጣ ቤታችንን ሸጥን፣ ሠላሳ ጫማ የምትረዝም ተሳቢ ገዛን፣ እሷን በፒካፕ እየጎተትን መዞር ከጀመርን ይኸው ስድስት ዓመታችን። በጋውን ተራራ ላይ፣ የበረዶውን ወራት በረሃ ላይ። እሱ ይነዳል፤ እኔ ማርሊስ ደግሞ ቀይ ጃኬቴን ለብሼ ከኋላ ቆሜ በእጄ እመራዋለሁ። ቃል አንለዋወጥም። ቀኝ እጄን ሳነሳ ወደ ቀኝ፣ ግራዬን ሳነሳ ወደ ግራ፣ ሁለት መዳፌን ሳሳየው ይቆማል። ሰዉ ወንበሩን ዘርግቶ ሳይጨርስ ገብተን እናበቃለን። አንዴ ኦሪገን ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ፣ ትንሽ እንኳ አትሰዳደቡም?» ብላ አኩርፋብን ገብታለች።

ልጃችን ካሪን ይሄን ኑሮ አንድ ቀን ወዳው አታውቅም። ስንወጣ ቃል አስገብታናለች፤ አባቷ መንዳት ያቃተው ቀን ተሳቢዋ ትሸጣለች፣ እኛም ወደ ሚኒሶታ እንመለሳለን። ቤቷ ሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ክፍል አዘጋጅታልናለች። መስኮት አለው፤ በመስኮቱ የሚታየው ግን የአላፊ አግዳሚ እግር ነው። በየወሩ ፎቶውን ትልክልኛለች። ባለፈው መጋረጃ ሰቅላበታለች። ማሽኑ ሲሠራ አልጋው ይንቀጠቀጣል ወይ ብዬ ብጠይቃት «ትንሽ» አለችኝ።

ባለፈው ጥር አሪዞና በረሃ ውስጥ ወደ አንድ የመንግሥት መስፈሪያ ገባን። አሥራ አራት ቁጥር ደረሰን። እዚያ ከአሥራ አራት ቀን በላይ ማደር አይፈቀድም፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ጠባቂው መጥቶ ፈገግ እያለ ያባርርሃል። ፀሐዩ ከብዶኝ ስለነበር ቀዩን ጃኬት አውልቄ ወንበሩ ላይ ጣልኩትና በነጭ ሸሚዝ ወርጄ ቦታዬን ያዝኩ። ሰዉም ቦታውን ያዘ።

ሁለት ቦታ ወረድ ብሎ፣ አሥራ ስድስት ቁጥር ላይ፣ ቀይ ቱታ የለበሱ አሮጊት ጀርባቸውን ሰጥተውን የጠዋት ስፖርታቸውን ይሠራሉ። ሚስ ኦፓል ይባላሉ፣ የቴክሳስ ሰው ናቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ሚስ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ሙዚቃቸውን ይሰማሉ።

ቀኝ እጄን አነሳሁ። የተሳቢዋ ቂጥ ወደ ግራ ዞረ። ተሳስቶ ነው ብዬ እጄን አወዛወዝኩ፤ ጭራሽ አበዛው። ዘወር ብዬ ሳይ ሚስ ኦፓል ግራ እጃቸውን ዘርግተው ወገባቸውን ያሳስባሉ። እሳቸው ክንዳቸውን ሲያሽከረክሩ ድዌይን ይመጣል። ጎንበስ ብለው የእግር ጣታቸውን ሲነኩ ይቆማል፣ በትሕትና ይጠብቃል። ቀና ሲሉ ይቀጥላል። እኔ ከተሳቢዋ ጎን እየሮጥኩ «ቁም፣ ቁም» እላለሁ፤ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ሞተሩ ይጮኻል። ከተመልካቹ አንድ ሰው እንኳ ሊረዳኝ አልተነሳም። ማን እንዲህ ያለ ነገር ያቋርጣል?

በመጨረሻ ሚስ ኦፓል ሁለት መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ገፉ፤ ድዌይን ፍሬን ያዘ። ተሳቢያችን በእሳቸው ተሳቢና በእሳቸው ጠረጴዛ መካከል፣ በግራም በቀኝም አንድ ክንድ ሳይተርፋት፣ ቀጥ ብላ ገብታለች። በዕድሜው እንዲህ ያማረ አገባብ ገብቶ አያውቅም። ሰዉ አጨበጨበ።

ድዌይን ወረደ። ወደ ቀዩ ቱታ ሄደ። ወገባቸውን እቅፍ አድርጎ «ማርሊስዬ፣ ዛሬስ ከመቼውም ይበልጥ አሳምረሽ ነው የመራሽኝ» አለ።

ሚስ ኦፓል ማዳመጫቸውን ነቀሉና ዞሩ። እሱን አዩ፣ ከኋላው የቆመውን ሠላሳ ጫማ ቤት አዩ። «የኔ ልጅ፣ እንግዳ አልጠራሁም ነበር» አሉት። «ከመጣህ አይቀር ግን ቀስ ብለህ ልቀቀኝ፣ ወገቤን ያመኛል።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ድዌይንም ለአፍታ ቆመና ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ «አሳቅኳችሁ አይደል?» አለ። ሁሉም ቀልደኛ ሰው መጣልን ብለው ተደሰቱ። እኔ አልሳቅኩም። ያቺን አፍታ አይቻታለሁ። ፊታቸው እፊቱ ሆኖ፣ እጁ ወገባቸው ላይ ሆኖ፣ ማን እንደሆኑ አላወቀም ነበር።

ተሳቢዋን ላውጣት ብሎ ሲመለስ የመኪናውን በር እጀታ በዳበሳ ፈለገው። ሚስ ኦፓል አዩትና ቁልፉን ተቀበሉት። ወንበሩ ላይ ትራስ ደርበው ወጡ፣ አወጧት፣ ዞሩ፣ በአንድ ጊዜ አሥራ አራት ቁጥር ላይ ሰኳት፣ ቁልፉንም መለሱለት። ባላቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ መንገድ ላይ ነው የሞተባቸው። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚጎትቱት።

ቤት ገብተን በሩን ዘጋሁ።

«ፀሐይዋ ናት» አለኝ ሳልጠይቀው።

«ፀሐይዋ በፊትህ ነበረች። የምታየው በስፖኪዮ ነው።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ፊቴ አሁን ምን ይመስላል?»

«የተቆጣ።»

«አይተህ ነው ገምተህ?»

«አርባ አራት ዓመት አብሬሽ ኖሬ መገመት ያቅተኛል?»

ከዚያ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ግንቦት ላይ ሐኪሙ ነግሮታል። የዓይኑ ጠርዝ ደህና ነው፤ የሚጠፋው መሐሉ ነው፤ መነጽርም ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም። መንዳት አቁም ተብሏል። እኔ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ መጽሔት ሳገላብጥ ወጥቶ «ምንም አይደለም፣ ዕድሜ ነው» ያለኝ ያን ቀን ነው።

«ኮሎራዶን፣ ያን ሁሉ ገደል፣ በምንህ ነው የነዳኸው?»

«በልምድ። ደግሞ ልብ ካላየ ዓይን አያይም ሲባል አልሰማሽም?»

«ልብህ መንጃ ፈቃድ የለውም።»

ተናደድኩ። ስምንት ወር አጠገቡ ተቀምጬ ብርቱካን ስልጥለት፣ ተራራው እንዴት ያምራል ስለው፣ ለካ ተራራውን የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔስ ይሁን፣ ሌላ ሰው ብንገጭስ አልኩት። የተማሪ አውቶቡስ ብንገጭስ? ይሄን ስለው ፊቱ አመድ መሰለ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ «ከዛሬ ወዲያ አልነካውም» አለ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቀጥ ብዬ ሳይሽ ፊትሽ የለም» አለኝ። «ፀጉርሽ አለ፣ ትከሻሽ አለ። ፊትሽን ለማግኘት ወደ ጎን ዞር ማለት አለብኝ።»

ከሐምሌ ጀምሮ በጎን በጎን ሲያየኝ ያኮረፈኝ መስሎኝ ነበር። እኔም ሁለት ጊዜ አኩርፌ መልሼለታለሁ፤ አንደኛውን ሦስት ቀን ሙሉ። አንጀቴን በላው። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ።

«በይ ለካሪን ደውይላት» አለ። «ቃል ቃል ነው።»

ስልኩን አነሳሁ። የመጋረጃው ፎቶ አሁንም እዚያው አለ። ትንንሽ ዳክዬዎች አሉበት። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት።

«እኔ እነዳለሁ» አልኩ።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። «አንቺ? የገበያ ጋሪ ወደ ኋላ መመለስ የሚያቅትሽ?»

ይሄ ነው እልህ ውስጥ የከተተኝ። ውል ገባን። በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ሰፈሩ ሁሉ ወንበሩን ዘርግቶ እያየ፣ ምንም ነገር ሳልነካ ተሳቢዋን አሥራ አራት ቁጥር ካስገባሁ ኑሯችን ይቀጥላል። ከነካሁ ግን እኔው ራሴ ለካሪን እደውላለሁ። ፈራጁ ማን ይሁን ሲለኝ «አንተ ነሃ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሹፌር» አልኩት። እሱም አንድ ነገር አስማለኝ፤ የዓይኑን ነገር ለማንም እንዳልናገር። ሚስ ኦፓል ግን ነግሬያቸው አይደለም፣ ቁልፉን ሲቀበሉት ነው የገባቸው።

በማግስቱ ሚስ ኦፓል እኔ ላስተምርሽ ብለው ከበሩ አጠገብ ባለው ባዶ የጠጠር ሜዳ ላይ ስድስት ባዶ ጀሪካን ደረደሩልኝ።

«መሪውን ከታች በኩል ያዢ» አሉኝ። «ከላይ አይደለም፣ ከታች። የተሳቢዋ ቂጥ ወዴት እንዲሄድ ትፈልጊያለሽ? ወደ ግራ? እጅሽን ወደ ግራ። ወደ ቀኝ? ወደ ቀኝ። ይኸው ነው። ወንዶቹ ሃምሳ ዓመት ምሥጢር አድርገው ይዘውት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።»

በመጀመሪያው ቀን ስድስቱንም ጨፈለቅኩ። በሁለተኛው ቀን አምስቱን። በሦስተኛው ቀን እንደገና ስድስቱን፣ ከዚያም የቆሻሻውን በርሜል። ፒካፑና ተሳቢዋ እንደ መቀስ እየተጣጠፉ ያስቸግሩኛል። በሕይወቴ ያልተናገርኳቸውን ቃላት ተናገርኩ፤ ያን ያህል እንደማውቅም አላውቅም ነበር። ሰፈሩም ፕሮግራሙን አስተካክሎ ከቁርስ በኋላ ወንበሩን ሜዳው ዳር መዘርጋት ጀመረ። ጋስተን የሚባል ካናዳዊ፣ ጡረታ የወጣ የጉምሩክ ሹም፣ የጀሪካኑን ቁጥር ጮክ ብሎ ይናገራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያየውን ሳይናገር መቀመጥ ስለማይሆንለት ነው።

ድዌይን ሦስት ቀን አሥራ አራት ቁጥር ላይ ካለው የእንጨት ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ሬዲዮ ሰማ። በአራተኛው ቀን ወንበሩን ይዞ መጣና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። «መሪውን አበዛሽው» አለ ከዚያ።

«እንዴት አወቅክ?»

«ጠጠሩ ይናገራል።»

ከዚያ በኋላ ዝም የሚያሰኘው ጠፋ። በስምንተኛው ቀን ከሚስ ኦፓል ጋር እስከ መጣላት ደረሱ፤ እሱ ቀስ ትበል ይላል፣ እሳቸው አትፍሪ በላት ይላሉ። «ልክ እንደ ባሌ ነህ» አሉት። «እሱም እንዲህ ሲጨቃጨቀኝ ነው ልቡ ቀጥ ያለችው።» ድዌይን እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድም ጀሪካን አልነካሁም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሁለት።

አሥራ አራተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሰዉ የማታ መጠጡን ይዞ ተሰበሰበ። የጋስተን ሚስት ሎሬት ለውዝ አዙራለች። ማንም ውሻ አላወጣም፣ ማንም ምንጣፍ አላራገፈም፤ ኀፍረታቸውን ጥለው ነው የመጡት። ተሳቢዋን አውጥቼ ሰፈሩን ዞርኩና አሥራ አራት ቁጥር ፊት ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ ካሪንን ስወልድ እንኳ እንደዚያ ቀን አልፈራሁም፤ እሷን በሁለት ሰዓት ምጥ ነው የተገላገልኳት፣ ይሄ ግን ሁለት ሳምንት አምጬዋለሁ።

ድዌይን ካልመራሁሽ አለ። ተው ብለው እምቢ አለ። ሄዶ ልክ ከተሳቢዋ ኋላ መሐል ላይ ቆመ።

አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «አትታየኝም» አልኩ።

«እዚህ ነኝ።»

«ስፖኪዮው ውስጥ ከሌለህ የለህም። ወደ ጎን ውጣ።»

«በየትኛው ጎን?»

«ስድስት ዓመት የት ነበር የምቆመው?»

«እኔ እንጃ፣ አንቺን ነበር የማየው እንጂ መሬቱን አልነበረም።»

በስድስት ዓመታችን በሰው ፊት ስንጨቃጨቅ ይህ መጀመሪያችን ነው። ሎሬት በደስታ እግሯን ታወዛውዛለች። በመጨረሻ ከጎኔ ወጥቶ ቆመና ና ና እያለ እጁን ያራግባል፤ ጠረጴዛው የት እንዳለ ግን እሱ አያውቀውም። አየሁትና ተውኩት። መሪውን ከታች በኩል ያዝኩ።

ወደ ግራ። ቀስ። ትንሽ መለስ። ገባች። ቂጧ መስመሩን ያዘ፣ ወገቧ ተከተለ። በቀኝ ስፖኪዮ ዛፉን አየሁ፣ አልፌዋለሁ። በግራ የውሃውን ቧንቧ አየሁ፣ አልፌዋለሁ። ሰዉ መጠጡን ሳይጠጣ ይዞ ቀርቷል። ከዚህ በኋላ መቆም ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ አንድ ክንድ ጨመርኩ።

ኳ አለ።

በረሃው ሁሉ ሰማው። ሞተሩን አጠፋሁና መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። የታየኝ የዳክዬዎቹ መጋረጃ ነው። ወርጄ ወደ ኋላ ዞርኩ፤ የተሳቢዋ የኋላ ፓራውልት ከጠረጴዛው መቀመጫ ጋር ተላትሟል፣ አንዱ ሳንቃ ተሰንጥቋል። ማልቀስ አማረኝ፤ በጋስተን ፊት ማልቀስ ስላልፈለግኩ ተውኩት።

«ነካሁ» አልኩት ለድዌይን።

ቀረብ አለ። ፓራውልቱን በመዳፉ ዳሰሰው፣ ሳንቃውን ዳሰሰው። አውራ ጣቱ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ብዙ ጊዜ ሳያወጣው ቆየ።

«ምኑን ነካሽ?» አለኝ።

«ጠረጴዛውን ነዋ።»

«እኔ አላየሁም።»

«ድዌይን፣ ሰዉ ሁሉ ሰምቷል።»

«ፈራጁ ሰዉ ነው እኔ?» ወደ ወንበሮቹ ዞረና ስልሳ ልጅ ዝም በሚያሰኝበት ድምፁ ተናገረ። «ፈራጁ እኔ ነኝ። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ይቺ ሴት አንድም ነገር ስትነካ አላየሁም።» እዚህ ላይ ቆመ። «ግንባር ለመሆን ደግሞ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ከግንቦት ጀምሮ መሐሉ የለም። ያን ቀን ሚስ ኦፓልን ያቀፍኳቸው ቀልጄ አይደለም፣ ሚስቴ መስለውኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የምትነዳው እሷ ናት።»

ለማንም አልናገርም ብዬ የማልኩለትን ነገር በሠላሳ ሰው ፊት ተናገረው። ሰዉ ሁሉ ብርጭቆውን ማየት ያዘ።

ጋስተን ተነሳ። «ይቅርታ፣ እኔ ግን በግልጽ አይቻለሁ፣ ጠረጴዛውን በ...» ሎሬት በሱሪው ይዛ ቁጭ አደረገችው።

ሚስ ኦፓል ደግሞ «መስዬህ ነው?» አሉ። «እኔ ወድደህ ያቀፍከኝ መስሎኝ፣ ዳግም ብታቅፈኝ ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን ቱታ ሳጥበው ነበር።»

ሰዉ ሲስቅ ድዌይንም ሳቀ፤ በዚህኛው ጊዜ ለማስመሰል አልነበረም። እኔ ግን ያኔ ነው ያለቀስኩት። ጋስተን አየኝ፣ ይየኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው ፈገግ እያለ መጣ። ሳንቃውን ድዌይን እየዳሰሰ በሁለት ብሎን አጥብቆታል። ለመሄድ ስንነሳ እንደ ልማዱ ወደ ሹፌሩ በር ሄዶ እጀታውን ያዘ። ያዘና ቆመ። ጠበቅኩት። ከዚያ እጁን ከመኪናው አፍንጫ ላይ ሳያነሳ በፊት ዞሮ በሌላው በር ገባና ቀበቶውን አሰረ።

ዋናው መንገድ አፍ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ድዌይን ቀኝ እግሩን በጎኑ ባለው ባዶ ወለል ላይ ተክሎ ፍሬን ይረግጣል።

«በግራ ምን አለ?» አለኝ።

«ምንም።»

«በቀኝስ?»

«አንድ የጭነት መኪና። ሩቅ ነው፣ ግን ይለፍ።»

መኪናው እስኪያልፍ ጠበቅን። ሲያልፍ ሰማው።

«አሁንስ?»

«አሁን ማንም የለም።»

«እንግዲህ አንቺ ካየሽ» አለና እግሩን ከወለሉ ላይ አነሳ። እኔም ፍሬኑን ለቀቅኩ።